ገና አልጀመርኩም

ቸካይ ተማሪን የሚያማ ሰው አይጥመኝም። እኔ እንዲያውም ዛሬ የዶርም ጓደኛዬን ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

ልጁ የወሎዋ ቃሉ ወረዳ ልጅ ነው። ደግነቱ የታወቀ ነው። እናቱ የላኩለትን በሶ ለብቻው በጥብጦ ጠጥቶ አያውቅም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የደሴ ብርድ ሲጠና ጋቢውን ለእኔ ደርቦልኝ እሱ በጃኬት ያድራል። ጀበና ቡና ስንወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከተው ቀድሞን ነው። ሃንድአውት ስትጠይቀው ግን «እኔም እኮ የለኝም» ይልሃል። ሃንድአውቱ ትራሱ ሥር ነው። ሌሊት በተገላበጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ለትምህርት ብሎ አንገቱ የተጣመመ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ፈተና ሲደርስ «ስንተኛው ቻፕተር ደረስክ?» በሉት።

«አብሽር፣ እኔም ገና አልጀመርኩም።»

ይህን የሚለው ሁለተኛ ዙር ክለሳውን ጨርሶ ነው። ውሸታም እንዳትሉት። ጓደኛው እንዳይጨነቅ አስቦ ነው። እኔማ እሱን አምኜ ስንት ሌሊት ለጥ ብዬ ተኝቻለሁ! ውጤት ሲለጠፍ እሱ ኤ፣ እኔ የተረጋጋ ሲ።

የመጽሐፍ ፍቅሩስ? ላይብረሪያችን ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ያላት የስታትስቲክስ መጽሐፍ አለች። ወስዶ ከእንስሳት እርባታ መጻሕፍት ኋላ አስቀመጣት። ይኸው ሁለት ዓመቷ፤ አንድ ገጿ አልታጠፈም። ከእሱ በቀር የሚነካት የለማ።

አባቱ ግን ትንሽ ኋላቀር ናቸው። ማሽላቸውን በደቦ ነው የሚያሳጭዱት። የጎረቤት ማሳ ሲደርስ ደግሞ ማጭዳቸውን ይዘው ከች ይላሉ። ማጭድን ትራስ ሥር ከትቶ «እኔም የለኝም» ማለት እንደሚቻል አያውቁም። ምን ያድርጉ፣ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም።

በእርግጥ ልጁ አይፈረድበትም። የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶው ብቻ ነበሩ። እንደዚያ ባለ ጠባብ በር ተጋፍቶ የገባ ሰው ክርኑን ቶሎ አያጥፍም። ችግሩ በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር ተጀመረ። ማለፊያው 50 ነው። ጎረቤትህ 80 ቢያመጣ ካንተ ላይ አይቀነስም። ክፍሉ በሙሉ ቢያልፍም ከልካይ የለም። ይህን ለጓደኛዬ እስካሁን አልነገርኩትም። ያን ሁሉ ሌሊት ወረቀት ላይ ተኝቶ፣ አሁን ምን ብዬ ልንገረው?

የግሩፕ አሳይመንቱን ነገር ከዘለልኩ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። አምስት ነበርን። ሥራውን ብቻውን ሠራው። ደግነቱ መስሎን መረቅነው። ለካ ብናየው እናውቅበታለን ብሎ ነው። ሽፋኑ ላይ የአምስታችንንም ስምና አይዲ ጻፈ፣ ፖስታ ውስጥ አሸገ፣ አስገባ። ቡድኑ የቡድኑን ሥራ እስከ ዛሬ አላየውም። አምሮ ተሠርቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የፕሬዘንቴሽኑ ቀን መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የትኛውን ክፍል ነው የሠራኸው?»

ጓደኛዬን አየሁት። ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ሰቅሏል።

«ገና አልጀመርኩም» አልኳቸው።