ዛቻውን ማን ይመዝግበው?
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ድርጅቶች ለሥራ ቦታ ጥቃት ሲዘጋጁ ካሜራና ጥበቃ እንዲያጠናክሩ ይመክራል። ጥሩ ነው፤ ግን ጥቃቱ ከውስጥም ይነሳል። እኔ የምሠራበት ሐዋሳ ያለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ወንድ ሠራተኛ ባልደረባችንን «ውጪ እንገናኛለን» ብሎ ዛተባት። አለቃው «የግል ጉዳያችሁ ነው» ብሎ መለሳት። የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ሰርቪስ እስክትሳፈር ድረስ እኛ ሴቶቹ ከበን እንሸኛት ነበር፤ ይህ የድርጅቱ ኃላፊነት ነው እንጂ የእኛ አይደለም!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ የደረሰባትም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። ግን ለምን እሷ ትልቀቅ? ዛቻ በተሰማበት ቀን የሚመዘግብ፣ ፈረቃ የሚያቀያይር፣ እስከ ሰርቪሱ የሚያደርስ ሰው በስም ይመደብ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርም የተመደበው ሰው ስልክ ቁጥር ይሰጠው።