እንፋሎት የሚያውቁ እጆች

በምኖርበት የእንግሊዝ ከተማ ዳር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ የምልበት አንድ መናፈሻ አለ። በዚያ ጡረታ የወጡ መካኒኮች፣ መምህራንና የባንክ ሠራተኞች ራሳቸው የሠሯቸውን ወይም የገዟቸውን ትናንሽ የእንፋሎት ባቡሮች ሲነዱ ይውላሉ። በ127 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄዱት ሕፃናትንና ወላጆቻቸውን ያሳፈሩ ጋሪዎችን ይጎትታሉ፤ በ32 እና በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄዱት ደግሞ በሁለት እጅ ታቅፈው የሚነሡ፣ በቤት ጓሮ የሚነዱ ናቸው። መጠናቸው ያንሳል እንጂ አሠራራቸው የትልቁ ባቡር ነው። በመዳብ ማፍያው ውስጥ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ በድንጋይ ከሰል በሚሠሩት ላይ ደግሞ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ አየር እየሳበ እሳቱን ያራግባል። ጭነቱ በከበደ ቁጥር እሳቱም ይበረታል። ወናፉን በሆዱ ይዞ እንደሚዞር ቀጥቃጭ ሆኖ ይታየኛል።

እንግሊዞች በዋናው የባቡር መስመራቸው ላይ በእንፋሎት መጠቀም ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ባቡሮቹ ለቁራጭ ብረት ሲሸጡ እውቀቱ ግን አብሮ አልተሸጠም፤ እንዲያውም በዌልስ የሚገኘውን የታሊሊን ጠባብ መስመር በጎ ፈቃደኞች ከ1951 ጀምሮ ተረክበው ማንቀሳቀስ ይዘው ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ በመናፈሻው ውስጥ የማየው ነገር ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አዛውንት አጠገብ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተንበርክኮ የማፍያውን ደለል ያጥባል፤ አዛውንቱም ስለምን እንደሚታጠብ ሳይሰለቹ ያስረዱታል። ማፍያው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ካላገኘ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ሰው እንዲያሳፍር አይፈቀድለትም።

ይህ ፈተና ለሚገዛ ሰው ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ልበልበት። ማፍያው እስከ አፉ በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ እስኪደርስ ይገፋል። ውሃ እንደ እንፋሎት ታምቆ ስለማይቀመጥ፣ ስንጥቅ ቢኖር ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። እኔም ያገለገለች የ32 ሚሊ ሜትር ባቡር ስገዛ ቀለሟን ከማየቴ በፊት የጠየቅሁት የማፍያዋን ወረቀት ነበር። ከዚያ በኋላ ጎማዎቿን በእጄ አዙሬ የሚይዝ ነገር አለመኖሩን፣ ትርፍ እንፋሎት የምታስወጣው ሴፍቲ ቫልቯም በተወሰነላት 2.8 ባር ግፊት ላይ መክፈቷን አረጋገጥሁ። ቀለም ይታደሳል፤ በብር ማዕድን ቅይጥ የተበየደ የመዳብ ማፍያ ከተበላሸ ግን ጥገናው ከባቡሯ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ባለፈው ክረምት ይህችን ባቡር በሻንጣዬ ይዤ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ጋዝ በአውሮፕላን ስለማይጫን የመረጥኳት በአልኮል የምትሠራ በመሆኗ ነበር። ክብ ሐዲዷን በእናቴ ግቢ በጣውላ ላይ ዘርግቼ ሳበቃ፣ አልኮል መግዛት መርሳቴ ትዝ አለኝ። ይህን የሰሙት ጎረቤታችን እትዬ፣ አረቄ በማውጣት የታወቁ ናቸውና፣ «ዳግም አለልህ አይደል እንዴ፤ እሱ የማያነደው ምን አለ?» ብለው በጠርሙስ አመጡልኝ። ዳግም አረቄው በሰማያዊ ነበልባል ነደደ፤ ውሃው ሞቆ ማፏጨት ቢጀምርም የግፊት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ዳግም አረቄ ከመቶ 45 ያህሉ አልኮል፣ ቀሪው ውሃ ነው፤ ከሙቀቱ ከፊሉ ያንን ውሃ በማሞቅና በማትነን ይባክናል፣ ነበልባሉም ይደክማል። በማግሥቱ 96 ከመቶ የሆነ አልኮል ገዝቼ ስለኩሰው ባቡሯ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳታቋርጥ ዞረች።

የተማርኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ባቡሯ ላይ የዘይት መስጫ የሆነች የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ጽዋ አለች። ወደ እርሷ የሚገባው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱም ከፍ ብሎ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ይህን ለመረዳት እኔ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እትዬ ግን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ፣ «እንግዲህ መቀበያው ማሰሮ በላት፤ እኛም እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውሃ አይደል ወደ አረቄ የምንመልሰው» አሉኝ። ድፍድፉ ያለበትን ማሰሮና መቃውን በጭቃና በእበት መርገው እንፋሎት እንዳያፈተልክ የሚያደርጉ ሴት ስለ ፍሳሽ መግቻ ምን ይነገራቸዋል? ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ በተዘጋ ማፍያ ውስጥ ግን ከ130 ዲግሪ እንደሚያልፍ ስነግራቸውም አልደነቃቸውም። ባቄላ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል፣ ክዳኑ ከጠበቀ ግን እንደሚፈጥን የሚያውቁት ከእኔ በፊት ነው።

አያቴ ወፍጮ ቤቱን «ባቡር» ነበር የምትለው። ቃሉ ራሱ በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ከሚለው የወረደ ነው፤ የእንፋሎት ባቡር ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ሞተር ያለው ሁሉ በዚያ ስም ተጠራ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የፈቀዱት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ወደ እኛ ደጋ ግን አልወጣም። የወጣው ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ተቀብለን ብረቱን የሚሠራውን ሰው ግን ናቅነው፤ ልጅ ሳለሁ ቀጥቃጭ ቤት ቆሜ ወናፉን ሳይ የተገረፍኩት ብረት መንካት ለ«ጨዋ ልጅ» አይገባም ተብሎ ነበር። እንግሊዝ አገር ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ሽማግሌዎች ልጆች ሲከቧቸው ባየሁ ቁጥር ያ አለንጋ ዛሬም ያመኛል።

ባቡሯን ተሸክሜ የሄድኩት ወደ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት መካኒክ ነበር። ጋሼ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጎማዎቿን አዞሩና ጆሯቸውን አስጠጉ። «በቀኝ በኩል እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ዘግይቶ ነው» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ ሻጩ ያልነገረኝ እኔም ያላገኘሁት ጉድለት ነበር። ረዳታቸው የሆነው ልጅ ከቡሎን መፍቻው ጋር አጎንብሶ ሲያይ፣ ጋሼ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባውን ቫልቭ በፀጉር ያህል ወደ ፊት ገፍተው አሰሩለት፤ «አየህ፣ የትኛውን እንዳላላሁ?» ብለውም ጠየቁት። ልጁ በጣቱ አመለከተ። አላላው፣ እንደገና አሰረው።

ባቡሯን እዚያው ትቻት መጣሁ። ባለፈው ሳምንት ልጁ ደውሎልኝ ነበር፤ ሐዲዱን ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ጋር እንዲያገናኙት ጋሼ እንደፈቀዱላቸው፣ ማፍያዋን በዝናብ ውሃ ብቻ እንደሚሞሉ፣ የግፊት መለኪያዋ መስታወት ግን መሰንጠቁን ነገረኝ። መለኪያውን ዛሬ አዝዣለሁ፤ ከእርሱም ጋር ማፍያ መፈተኛ የሚሆን አንዲት የእጅ ፓምፕ ጨምሬያለሁ።