ይድረስ ለክቡር ጊዜያዊ ተለዋጭ መንገድ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ከረሙ? አቧራዎ፣ ጉድጓድዎ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ያቺ ክፉ ጠመዝማዛዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ሰላም ብላዎታለች። ትክክለኛ ቃሏ እንኳ ሌላ ነበር፤ እንዳለ ከተጻፈ ግን ለአደባባይ ደብዳቤ አይሆንም።

የተዋወቅንበትን ቀን ያስታውሱ ይሆን? የዛሬ ስድስት ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ቅጥቅጡ በደህና ሲወርድ ቆይቶ በርሜል ላይ የተደገፈ ሰሌዳ ፊት ቆመ። «ጊዜያዊ ተለዋጭ መንገድ፣ 800 ሜትር» ይላል። ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ረዳቱ በር ላይ እንደተንጠለጠለ «አይዟችሁ፣ ለሁለት ወር ነው» አለን። ያ ረዳት ዛሬ ራሱ ሾፌር ሆኗል፤ ትዳር ይዟል፤ ሁለት ልጆችም አሉት። እርስዎም ከ800 ሜትር ተነስተው፣ እዚህም እዚያም እየተቀጠሉ፣ 11 ኪሎ ሜትር ደርሰዋል። በዚያ መስመር ባለበት የቆመ ቢኖር አስፋልቱ ብቻ ነው።

አበው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላሉ። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ አልቆጠሩም፤ ስድስት ዓመት የሚሰነብት እንግዳ ይመጣል ብለው አላሰቡም መሰለኝ። እኛ ለእርስዎ የሚሆን ማዕድን ብናጣ ጠጠር ብለንዎታል።

(የከተማችንን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ወሎ ውስጥ መሆኗ ይብቃ። ብጽፈው ደግሞ ከአርባ ወረዳ «የእኛን ነው እንጂ!» የሚል ጠብ ይነሳብኛል።)

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አጎቴን ያውቁታል፤ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር፣ ባለ ሸማው። መስኮት ዳር ካልተቀመጠ የማይሄደው። እሱ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለው። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የመንገዳችን ሂደት መከታተያ» ብሎ ጽፏል። በሬዲዮም ይሁን በስብሰባ ስለ መንገዱ አንድ ነገር በተባለ ቁጥር ቀኑን፣ መቶኛውንና ምክንያቱን ይመዘግባል። መጀመሪያ ዓመት 9 በመቶ። ሁለተኛው 23። ሦስተኛው 41። አራተኛው 61፤ ያን ዕለት እናቴ ጠላ ጠመቀች። አምስተኛው ዓመትም 61። ስድስተኛው ላይ ግን 54 ተባለ። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ሬዲዮኑን አየው። «ወረደ? ብር ነው እንዴ?»

ነገሩን ያስረዳን የመንገዱ አማካሪ ድርጅት አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው፣ ቡና ላይ ተገናኝተን። ጨዋ ልጅ ነው። ተጨማሪ ሥራ ስለመጣ ውሉ ተሻሽሏል፤ ጠቅላላው ስለጨመረ የተሠራው ለጠቅላላው ሲካፈል አነሰ አለን። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ክፍልፋይ ያስተማረ ሰው ነውና ወዲያው ገባው። ገብቶት ግን አልተደሰተም። «ስለዚህ ሥራ በጨመሩ ቁጥር ከመጨረሻው እየራቅን እንሄዳለን ማለት ነው» አለ። ልጁም «በቁጥር ደረጃ፣ አዎ» አለው። ይህችን «በቁጥር ደረጃ» የምትለዋን ሐረግ አጎቴ ደብተሩ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ አስገብቷታል።

እዚያው ሌላም ተማርን። 61 በመቶ ማለት ከየመቶው ኪሎ ሜትር 61ዱ አስፋልት ለበሰ ማለት አይደለም። አፈር ቆረጣው የራሱ ድርሻ አለው፤ ሙሌቱ አለው፤ ድልድዩና የውሃ ቱቦው አለው፤ ገረጋንቲው አለው። በዚህ ስሌት አንድ መንገድ አንዲት ስንዝር አስፋልት ሳይነካው ግማሹን አልፎ ሊሄድ ይችላል። አሠራሩን አልነቅፍም፤ የተሠራ ሥራ መቆጠር አለበት። ቅር ያለኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰንጠረዥ ውስጥ ለእናቴ የሚሆን አንድ ረድፍ ጠፋ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት 72 ኪሎ ሜትሩን በአሮጌው ኮረኮንች በሁለት ሰዓት ተኩል ትጨርሰው ነበር። ዛሬ አራት ሰዓት ይፈጅባታል፣ ያውም በበጋ። ሪፖርቱ የሚጻፈው ከዶዘሩ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ከቅጥቅጡ የኋላ ወንበር፣ ከጎማው በላይ ካለው፣ ሆኖ ቢጻፍ ኖሮ አፈጻጸማችን ከዜሮ በታች ነው።

የደብተሩን የምክንያት ዓምድ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ካሳ፣ ወሰን ማስከበር፣ ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ጸጥታ። እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ ላስቀምጠው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ እውነት ናቸው። የማሳው ካሳ በእጁ ያልገባ ገበሬ ዶዘር ፊት ቢቆም እኔም አጠገቡ እቆማለሁ። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ቀን የግሬደር ሾፌር ለምን አልወጣም የሚል ሰውም ሕሊና የለውም። ግን አንድ ምክንያት አለ፣ በስድስቱም ዓመት የተጻፈ፦ «ክረምቱ ሳይታሰብ በመግባቱ»። ሳይታሰብ! ክረምት እኮ ነው! ከሰኔ ጀምሮ መግባቱን እረኛ ያውቃል፤ ጉንዳን ያውቃል፤ እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ፤ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የወንዙ ቱቦዎችዎ ተጠርገው ይሄዱ የለ?

ምሰሶውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ዋናው መንገድ ከተማችን መግቢያ ላይ 21.5 ሜትር ሆኖ ተንጣሏል፤ ተደልድሏል፤ ሮሎ ተመላልሶበታል። መሐሉ ላይ ግን አንድ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። አንሺው «ክፍያ ይፈጸምና» ይላል፤ ከፋዩ «ይነሳና» ይላል። ዙሪያውን ሁሉ ቆፍረው፣ ሞልተው፣ ጠቅጥቀው እሱን እንደ ጽላት ሳይነኩት አልፈዋል። ፍየሎች ይታከኩበታል። ለማስታወቂያ መለጠፊያም ምቹ ሆኗል።

አጎቴ በጣም ሲናደድ የሚጠራው ሴባስቶፖልን ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሠራዊቱ ፊት ፊት ገደል እየናደ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ የጅዳ ሸለቆን ወርደው ወጥተው፣ የበሽሎ ወንዝን ተሻግረው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸው መጋቢት ላይ ደረሱ። «ስንት በመቶ ደረሰ ብሎ የጠየቃቸው የለም» ይላል አጎቴ፤ «መድፉ ይታይ ነበራ!» እኔ ይህን ማነጻጸሪያ ብዙም አልወደውም። የእነዚያን ጎታቾች የቀን ሒሳብ የያዘ አልነበረም። ደግሞም ያ መንገድ የተጠረገው መድፍ ለማሳለፍ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ደግሞ ከነዘንቢሏ እናቴን ማሳለፍ ነው። ቢሆንም ቅጥቅጡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አጎቴ «ሴባስቶፖል!» ብሎ ሲጮህ የሚቃወመው ሰው አላየሁም።

ጭቃ ካልኩ አይቀር ያለፈውን ሐምሌ ላንሳ። ቅጥቅጡ ቁልቁለትዎ ላይ ተንሸራትቶ አፍንጫውን ገብስ ማሳ ውስጥ ቀበረ። ወንዶቹ ወረድን። አንድ ቄስ ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙና ለእኛም ለመኪናውም ጸለዩ። ከየት መጡ ሳይባል አምስት ጎረምሶች ከነአካፋቸው ደረሱ፤ ዋጋቸው የተቆረጠ ነው፦ ግፊያ ብቻ ከሆነ በሰው 50 ብር፣ ድንጋይ መደርደር ካለበት 80። ገፋን። ጎማው ጭቃውን ፊቴ ላይ ረጨው፤ ግራ እግሬን ስስብ እግሬ መጣ፣ የጫማዬ ሶል ግን እርስዎ ዘንድ ቀረ። ያን ጊዜ ነው «አንተ» ብዬ የጠራሁዎ። ስለ እናትዎም አንድ ነገር ተናግሬያለሁ። ቄሱ ሰምተውኛልና መካድ አልችልም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይቅርታ ሲባል መግቢያዎ ላይ ያለው ትልቁ ሰሌዳ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ፀሐይ የኮንትራክተሩን ስም በላችው። ቀጥሎ የገንዘቡ መጠን ሄደ። የማጠናቀቂያው ቀን ያለበትን ቦታ እረኞቹ በወንጭፍ ዒላማ አድርገው ጨረሱት። የቀረው የመጨረሻው መስመር ነው፦ «ለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»። ማን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ የለም። ሰሌዳው ብቻውን እዚያ ቆሞ ላለፈ ላገደመው ይቅርታ ይጠይቃል።

ክቡር ሆይ፣ ስለ እርስዎ ክፉ ብቻ እንዳወራሁ አይቁጠሩብኝ። ባለቤት የሌለዎ ቢመስሉም ሰው አልብሰዎታል። በአንድ ወገን ሁለት ጎሚስታዎች አሉ፤ ጎማ ሲሞላ ስልክም ይሞላል። ቆሎ የሚሸጡት ልጆች የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ለይተው ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ለአይሱዙ አንድ ነው፣ ለቪ8 ሌላ። ቡና የምታፈላው ሴት ስምዎን ቆርቆሮዋ ላይ በሰማያዊ ቀለም ጽፋዋለች። መኪና ሲመጣ ሲኒዎቿን በፌስታል ትሸፍንና ከተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እየጨለፈች ደጇን ትረጫለች። እውነቱን ለመናገር ባለፉት ስድስት ዓመታት አቧራዎን ያረጠበችው እሷ ነች። የውሃ ቦቴው ወጥቶ የሚረጨው ከላይ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እኛም ጠዋት መንገዱ ረጥቦ ካገኘነው «ዛሬ ጉብኝት አለ» ብለን ነጠላችንን እናስተካክላለን። ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዛ የምትቆመው ልጅም መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታሳልፈን፤ አሁን ሁላችንንም በስም ታውቃለች። የእናቴን የጉልበት ሕመም ጠይቃ መልሱን ሰምታ ሳትጨርስ ቀዩን አታወርድም።

ስለዚህ ዕድልዎ የድሬዳዋ ሊሆን ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ወደ ሐረር ይወጣል ሲባል ተራራው ከብዶት ታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ እዚያ በቀረበት ከተማ በቀለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋ እስከዚያ ሱቁንም ሠፈሩንም አደራጅታ ጠበቀችው። የእኛም አስፋልት አንድ ቀን ሲደርስ ማዘጋጃ ቤት ያለው ተለዋጭ መንገድ ቢያገኝ አይደንቀኝም። ያን ዕለት ሪባን ሲቆረጥ የሚጠራዎ የለም፤ ከአሁኑ ይወቁት። ቡናዋ ሴት ግን ቆርቆሮዋን ነቅላ የት እንደምትሄድ አንድ ሰው ቢያስብላት ደስ ይለኛል።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ልቋጭ ስል ትናንት ማታ አጎቴ ደወለ። ድምፁ ተቆራርጧል፤ መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ከወንዙ ወዲህ አዲስ ሰሌዳ ቆሞ አይቶ ነው። በርሜል ላይ የተደገፈ፣ ቀለሙ ያልደረቀ። ከነፊደሉ አነበበልኝ፦ «ተለዋጩ መንገድ ጥገና ላይ ስለሆነ በጊዜያዊ ተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ፣ 800 ሜትር»።

እንኳን ማርያም ማረችዎ! ለወንድ አይባልም ይሉኛል፤ ምን ላድርግ፣ የወለዱት እርስዎ ነዎት። አጎቴ በደብተሩ አዲስ ገጽ ከፍቶለታል፤ 0 በመቶ ብሎ ጀምሯል። እናቴም ቂሟን ትታ ገንፎውን አገነፋለሁ ብላለች፤ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። ብቻ ሳይበርድ እንዲደርስ በየትኛው በኩል ይዛው እንደምትመጣ ይጻፉልን።