ፎጣ አጣፊው ሮቦትና የጣና እምቦጭ

እ.ኤ.አ. በ2010 ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፎጣ የሚያጥፍ ሮቦት ብቅ አለ። ለአንድ ፎጣ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። እናቶቻችን በዚያ ጊዜ ቡና አፍልተው ሁለተኛውን ይቀዳሉ። ሮቦቱ የተሠራበትን ቤተ ሙከራ ይመራ የነበረው ቤልጅየማዊው ፒተር አቢል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በአንድሪው ንግ አማካሪነት ዶክትሬቱን ሲሠራ፣ አንዲትን ትንሽ ሄሊኮፕተር አየር ላይ መገለባበጥ አስተምሯል። ዘዴው ቀላል ይመስላል፦ ሁሉንም በቀመር ከመዘርዘር የባለሙያውን በረራ መዝግቦ ማሽኑን ከዚያ ማስተማር። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ እጅ ሥር ሆኖ እንደሚለምደው ማለት ነው።

እኔን የሚያስቀናኝ ዝናው አይደለም፤ 25 ደቂቃ እንዲዘገይ የተፈቀደለት መሆኑ ነው።

ባሕር ዳር ላይ በሮቦት ሙያ የተሠማራ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ዕድገት የሚያገኘው በአብዛኛው ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ሮቦት ደግሞ ሞተርና ባትሪ ይፈልጋል፤ ዕቃው ከውጭ ይመጣል፣ ይበላሻል፣ እንደገና ይፈታል። ስለዚህ ልጁ ሌላ አገር የተነሱ ምስሎችን ከኢንተርኔት አውርዶ፣ በላፕቶፑ ሞዴል (ከምስሎቹ የሚማር ፕሮግራም) አሠልጥኖ ያሳትማል። አልፈርድበትም፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ጣና ግን መስኮቱ ሥር ተኝቷል።

እምቦጭ በሐይቁ ላይ ከታየ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ ማጨጃ ማሽኖችም መጥተዋል። አረሙ ገና ሳይስፋፋ የሚያገኝ ካሜራ የተገጠመላት ትንሽ ጀልባ ብትኖር ብዙ ድካም በቀነሰ ነበር። ግን እምቦጩም ደንገሉም አረንጓዴ ነው። ሐምራዊ አበባው ይለየዋል እንዳንል ሁልጊዜ አያብብም። በክረምት ውኃው ይደፈርሳል፣ በበጋ ፀሐይ ያንጸባርቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋን ያንገላታታል፤ የእምቦጩ ሥር ደግሞ በሞተሯ ላይ ይጠመጠማል። ይህን ሁሉ ማሽኑ የሚማረው ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ከተነሱና «ይህ እምቦጭ፣ ያ ደንገል» ተብሎ አንድ በአንድ ምልክት ከተደረገባቸው ፎቶዎች ነው።

እንዲህ ያለው የፎቶ ስብስብ ለዕድገት እንደ ጽሑፍ ይቆጠር፤ ሦስት ጊዜ የከሸፈች ጀልባም ለምን እንደከሸፈች በወጉ ከተመዘገበ ትቆጠር እላለሁ። «ታዲያ ፎቶ ያነሳ ሁሉ ፕሮፌሰር ሊሆን ነው?» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዋ ፌይፌይ ሊና ባልደረቦቿ ኢሜጅኔት የተባለውን የምስል ስብስብ ይፋ ሲያደርጉ ያቀረቡት ምልክት የተደረገባቸው ምስሎችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የማሽንን የማየት ችሎታ በአንድ ጊዜ ያሳደገው ውጤት የተገኘው በዚያ ስብስብ ላይ ነው።

ምልክቱን ማን ያድርግ ለሚለው መልሴ ታንኳ ቀዛፊው ነው። እምቦጩን ከሩቅ በጥላው ይለየዋል፤ ነፋሱ መቼ እንደሚገለበጥም ያውቃል። ሄሊኮፕተሯ ከአብራሪዋ እንደተማረች ጀልባዋም አቀዛዘፉን ከእሱ መማር ትችላለች። የምርምር በጀት ሲጻፍ እንግዲህ ከካሜራው ዋጋ ቀጥሎ ባለው መስመር የእሱ የቀን አበል ይግባ።