በተራ አሻንጉሊትም ይሠራል
እዚህ የወጣው ጽሑፍ የሲሙሌሽን ስልጠና፣ ማለትም በእውነተኛ ሕመምተኛ ፈንታ እውነተኛ በሚመስል ሁኔታ መለማመድ፣ ውድ መሣሪያና የተለየ ማዕከል ይፈልጋል ይላል። በዚህ አልስማማም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። እኛ የምንለማመደው እዚያው ዋርድ ውስጥ፣ በተራ አሻንጉሊትና በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባ ከረጢት) ነው። አንዷ ባልደረባችን እንደ እናት ሆና «ሲያለቅስ አምሽቶ አሁን ገና ዝም አለልኝ» ትላለች። ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ተኝቷል ብሎ ማለፍ ነው ወይስ ገልጦ ማየት? በደብረ ብርሃን ብርድ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ካልገለጡት፣ ለመተንፈስ ሲቸገር ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አይታይም። ትንፋሹም ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከላይ በአስተያየታቸው «መጀመሪያ ሞኒተር ይገዛልን» ላሉት ወንድሜ (ሞኒተር የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያሳይ መሣሪያ ነው)፦ ይገዛ፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ልጅ እየደከመ ሲሄድ የደም ግፊቱ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመው የሚናገሩት ትንፋሹና የልብ ምቱ ናቸው። ሌላው፣ ጀማሪ ነርስ ሌሊት ሐኪም መቀስቀስ ትፈራለች። ስለዚህ በልምምዱ ላይ ስልክ አስይዘን «ልጁ እየደከመ ነው፣ ትንፋሹ 64 ነው፣ አሁኑኑ ይምጡ» ብላ ጮክ ብላ እንድትናገር እናደርጋለን።