ዶላሩ በኒውዮርክ ካላለፈስ?

ስለ አሜሪካ ማዕቀቦች ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሁለተኛ ደረጃ ማዕቀብ ሁሉ ሕገወጥ ነው» ብሎ መደምደሙ ትንሽ የቸኮለ መሰለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ማዕቀብ የሚባለው አሜሪካ ማዕቀብ ከጣለችበት አገር ጋር የሚነግዱ የሌላ አገር ኩባንያዎችን የምትቀጣበት ነው። ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ክፍያው በዶላር ሆኖ በኒውዮርክ ባለ ባንክ በኩል ካለፈ፣ አሜሪካ «ድርጊቱ በግዛቴ ተፈጽሟል» የምትልበት ቀዳዳ አላት። የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት የተጣለበት በዚሁ መንገድ ነው። ይሄ በትክክል ሲታይ ሁለተኛ ደረጃ ማዕቀብ እንኳን አይደለም።

አንድ የአውሮፓ ኩባንያ ከኢራን ጋር በዩሮ ቢነግድስ? የዋሽንግተን ሕግ ምን አገባው? እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን አሜሪካኖቹ መልስ አላቸው፦ «ማንንም አላስገደድንም፣ ገበያችንን ነው የዘጋነው።» ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ1986 ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ የሚያስገድድ ውል ከሌለ አንድ አገር ንግድ የመቀጠል ግዴታ የለበትም ብሏል። ጸሐፊው ይህን ፍርድ ሳይነካ ማለፉ ገርሞኛል። የኒካራጓው ጉዳይ የሁለት አገሮች ነበር፤ ሦስተኛ ወገንን ማስፈራራት ሌላ ነው ብሎ መከራከር ይችል ነበር።

አውሮፓ በ1996 ኩባንያዎቿ እንደ ኩባ ካሉ አገሮች ጋር የሚነግዱትን ለሚቀጡ የአሜሪካ ሕጎች እንዳይታዘዙ የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ በ2018 አሜሪካ በኢራን ላይ መልሳ የጣለቻቸውን ማዕቀቦችም ጨመረችበት። የፈረንሳዩ ነዳጅ ኩባንያ ቶታል ግን የአሜሪካን ማዕቀብ ፈርቶ በዚያው ዓመት ከኢራን ጋዝ ፕሮጀክት ወጣ። ደንቡ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ይቻላል። አውሮፓ በኩባ ማዕቀብ ጉዳይ በአሜሪካ ላይ በዓለም ንግድ ድርጅት የመሠረተችው ክስም በ1997 በድርድር ታገደ። ውሳኔ ሳይሰጥበት ቀረ።