«ስፌት እንኳ የለውም እኮ!»

እስቲ ልጠይቃችሁ ጎንደሬዎች። እግሩ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለት ሰው ሥራ ቦታ ቢመጣ «ና ይቺን ሲሚንቶ አውርድልን» ትሉታላችሁ? አትሉትም፤ ወንበር ትስቡለታላችሁ። ዓይኑን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ሲመጣ ግን ምን እንደሚነካችሁ እንጃ። ፋሻው ከተነሳ በቃ፣ ድኗል!

እኔ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ቤት ስቶር ኪፐር ነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። የቀኝ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖት ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ 3 እና 8 መለየት ሲያቅተኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሞራውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ተኩልኝ። በሐኪሞቹ ቅሬታ የለኝም፣ እጃቸው ይባረክ። ጣጣው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የሕመም ፈቃዴ ሳያልቅ ስልክ ተደወለ። ሰኔ ነው። ንግድ ቤት የሠራ ሰው ሰኔ 30 ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቆጠራ አለ፣ ሂሳብ ይዘጋል። «እትዬ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው አሉ። ስፌት እንኳ የለውም እኮ! ዝም ብለው መጥተው ቁጭ ይበሉ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። የልጄ እኩያ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሰኔ ግን ሰውን ያከፋል።

ስፌት ያልኖረው ቁስል ስለሌለ መሰለህ የኔ ልጅ? ሐኪሙ የሚከፍተው ቀዳዳ በዓይን ውስጥ ባለው ግፊት ራሱ እንዲገጥም ተደርጎ ነው የሚቀደደው። እስኪጠግግ ሳምንታት ይፈልጋል። ከባድ አታንሺ፣ አታጎንብሺ፣ አትሺው፣ ውሃና አቧራ አይግባበት የሚሉት ለዚህ ነው። ጀርም ውስጥ ከገባ ዓይኑ እስከ መጥፋት ይደርሳል። አሁን እስቲ የስቶር ኪፐርን ሥራ አስቡት። ጎንበስ ብሎ ሚስማር መቁጠር፣ የቀለም ጣሳ ማንሳት፣ ሲሚንቶና ጀሶ ሲራገፍ በር ላይ ቆሞ መቁጠር። ሐኪሙ የከለከለኝን በሙሉ የሥራ መዘርዝሬ ላይ ታገኙታላችሁ። ሲሚንቶ ደግሞ እንዲሁ አቧራ አይደለም። ርጥበት ሲያገኝ ያቃጥላል፣ ደህና ዓይን እንኳ አይችለውም።

ሄድኩ፣ ምን ላድርግ። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሥራ አስኪያጁ ጣቶቹን ወደ ላይ ቀስሮ ጠበቀኝ። «እትዬ፣ ይኼ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«አዩ! ያያሉ እኮ!»

ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዥዋ ጣቷን ቀሰረችብኝ፣ ዘበኛው ቀሰረ፣ ብረት ሊጭን የመጣ ሹፌር ሳይቀር ቀሰረ። አንዷማ ቀረብ ብላ «እስቲ ሌንሱ ይታይ እንደሆነ» ብላ የዓይኔን ቆብ በጣቷ ልትገልጥ! ቲማቲም ስትቆርጥ የነበረችበት እጅ ነው።

አዎ፣ አያለሁ። የተተከለልኝ ሌንስ ለሩቅ የተመረጠ ነው። ከመጋዘኑ በር ሆኜ ጎሃ ተራራ ላይ ያሉትን ዛፎች አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደረሰኝ ግን ጎሃ ላይ አይደለም የሚጻፈው፣ አፍንጫዬ ሥር ነው። ለቅርብ መነጽር ያስፈልገኛል። መነጽሩ የሚለካው ደግሞ ዓይኑ ከረጋ በኋላ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ግራ ዓይኔ ገና ሞራውን እንደያዘ ነው። አንዱ ዓይን ግድግዳውን ነጭ ነው ሲለኝ ሌላው ቢጫ ነው ይለኛል። ደረጃ ስወርድ እግሬ የት እንደሚያርፍ ሁለቱ አይስማሙም። ይህን ሁሉ ሳስረዳ የማገኘው መልስ ምን መሰላችሁ? «ግን ሦስት ብለዋል እኮ!»

ጥቁር መነጽሬማ ዋናው ወሬ ሆነ። «እትዬ አርቲስት ሆኑብን!» ይሉኛል። ሞራው ሲነሳ ለዓመታት ታግዶ የነበረው ብርሃን በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ግቢው ውስጥ የተቆለለው አዲስ ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርገኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠብታውም ሌላ ጦርነት ነው። ለአንድ ወር ያህል መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚሄድ መድኃኒት ነው፣ ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም። በሰዓቱ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አንጋጥጬ፣ ጠብ አድርጌ፣ ትንሽ ዓይኔን ጨፍኜ መቆየት አለብኝ። ገና ከመጨፈኔ «እትዬ ተኙ እንዴ?» ኧረ አልተኛሁም! ደግሞ የመጋዘኑ ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው።

ቤት ስገባ ያርፍልኛል ስል ጠያቂ ቤቱን ሞልቶ ይጠብቀኛል። እግዚአብሔር ይማርሽ ማለታቸው ደግ ነው፣ አልጠላሁም። ግን ቡና ይፈላል፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ ዕጣን ይጨመርበታል፣ በዝናቡ ምክንያት በሩ ተዘግቷል። አንዷ የአራስ ጡት ወተት ጠብ አድርጊበት ትላለች፣ ሌላዋ ጤና አዳም ትጨምቅልኛለች፣ ሦስተኛዋ ጠበል ይዛ መጥታለች። ጠበሉን አምኜ እጠጣዋለሁ፣ ዓይኔ ውስጥ ግን ቁስሉ እስኪድን ውሃ የሚባል አይገባም። «እምነትሽ ላልቷል» አለችኝ። እሺ፣ ይላላ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የሰው ኃይል ክፍሉ ነው። የሐኪም ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ከዓመት ፈቃድዎ እንቀንሰው?» አለኝ። እንዴት ተደርጎ! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ ግልጽ ነው። በሐኪም ማስረጃ የተረጋገጠ ሕመም ከሆነ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የዓመት ፈቃድ ሌላ፣ የሕመም ፈቃድ ሌላ! ይኸው አዋጅ ለሥራው የሚያስፈልገውን የአደጋ መከላከያ አሠሪው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እኛ መጋዘን ውስጥ ያለው መከላከያ አንድ የተሰነጠቀ የብየዳ መነጽር ነው፣ እሱንም ዘበኛው በሞተር ሲሄድ ያደርገዋል።

ለማንኛውም ቆጠራውን አልከለከልኳችሁም። ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ልጆቹ እየቆጠሩ ይጥሩልኝ፣ አንዱ ቁጥሩን ይጻፍ፣ እኔ አረጋግጬ እፈርማለሁ። ሲሚንቶ ክፍል ግን አልገባም፣ ጣሳም አላነሳም። ግራ ዓይኔ ለመስከረም ተቀጥሮለታል። ያን ጊዜም «ስፌት የለውም» ብላችሁ ልትደውሉ ያሰባችሁ፣ ከወዲሁ ቁጥሬን ከስልካችሁ አጥፉት።